ጠይቄ እመጣለሁ

እኔ የሐይቁን ልክ የምመዘግብ ሰው ነኝ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓትና ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በታች ሰፈር ዳርቻ ውሃው ውስጥ ወደተተከለው ግንድ እሄዳለሁ። ውሃው የደረሰበትን ምልክት አያለሁ፤ ስንት ጣት እንደሆነ እጽፋለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ሳይመዘገብ የቀረ ንባብ አንድ ብቻ ነው፤ ለምን እንደቀረ በቦታው እናገራለሁ።

የከተማችንን ስም ያልጻፍኩት ለመደበቅ አይደለም። ስሙን ለመለወጥ የተቋቋመው ኮሚቴ ሥራውን ገና ስላልጨረሰ ነው።

ከተማዋ በሐይቁና በኮረብታው መካከል ናት። ሰባት ሰፈሮች አሏት፤ እያንዳንዱ ሰፈር አንድ እንደራሴ ወደ ሸንጎ ይልካል። በስተ ምዕራብ ሰፊ ረግረግ አለ። ረግረጉ ውስጥ፣ ደንገል በነዶ በነዶ አስረው በሠሩት ተንሳፋፊ ወለል ላይ፣ ከከተማዋ በፊት ጀምሮ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። እኛ የረግረጉ ሰዎች እንላቸዋለን፤ እነሱ ራሳቸውን ሰዎች ይላሉ። በሸንጎው እንደራሴ አልነበራቸውም። በሕጋችን ሰፈር የሚባለው መሬቱ የማይንቀሳቀስ ሲሆን ነው፤ የእነሱ ወለል ደግሞ ነፋስ ሲነሣ ጥቂት ይንቀሳቀሳል።

ሐይቁና ረግረጉ የሚገናኙት በአንድ ጠባብ የውሃ መግቢያ ነው። መግቢያው ላይ የብረት በር አለ። ሸንጎው ይህን በር ዘግቶ ረግረጉን ለማድረቅና በቦታው የከተማዋ ምሥረታ በዓል የሚከበርበት አደባባይ ለመሥራት አሰበ። ያለው አደባባይ ለሰልፈኛው እንጂ ለተመልካቹ አይበቃም ተብሎ ነው። በሩ ከተዘጋ ረግረጉ በአንድ በጋ ይደርቃል። ያኔ እዚያ ያሉት አርባ አንድ ቤተሰቦች የሚኖሩበት አይኖራቸውም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሆነው በዚህ በር ምክንያት ነው።

ከመሥራቾቹ የቀረ አንድ ሕግ ነበር። «የማንም መኖሪያ፣ ነዋሪው በሸንጎ ተቀምጦ ሳይሰማ አይነካም» ይላል። የሸንጎው ጸሐፊ ይህን ሕግ ሲያነብ ሁሉም ደነገጠ። የረግረጉን ሰዎች መኖሪያ ለመንካት መጀመሪያ ወንበር ሊሰጣቸው ግድ ሆነ። ወንበር ይሰጣቸው ወይስ አይሰጣቸው የሚለው ክርክር ሁለት ዓመት ፈጀ።

ክርክሩን ገበያ ላይም፣ ጸጉር ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም ሰምቻለሁ። ከሁሉ በላይ የሚከራከረው የእኔው የታች ሰፈር እንደራሴ አቶ ሻረው ነበር። ድምፀ ወፍራም ነው፤ ሲናገር ጠረጴዛ ካላገኘ የራሱን ጭን ይመታል።

«ዛሬ ለእነሱ ወንበር ብንሰጥ፣ ነገ ራሰ በራዎች ወንበር ይሰጠን ቢሉ ምን ልንመልስ ነው?» አለ አንድ ቀን ጨው ተራ ቆሞ።

ጨው የምትሸጠው ወይዘሮ አንጓች ሚዛኗን ሳታወርድ፣ «አንተ ለእነሱ ተቀምጠህላቸው የለ እንዴ!» አለችው። አቶ ሻረው ባርኔጣውን አጠበቀ።

ስንት ናቸው የሚለውን ለማወቅ ቆጣሪዎች ተላኩ። ታንኳ ስላልተፈቀደላቸው ዳር ቆመው ከረግረጉ የሚወጣውን ጭስ ቆጠሩ። በመጀመሪያው ቀን አርባ አንድ ጭስ አገኙ፤ በሁለተኛው ቀን ነፋስ ስለነበረ አሥራ ሁለት፤ በሦስተኛው ቀን ዓሣ ይጤስ ስለነበረ ዘጠና ስድስት። ሸንጎው ለዚሁ ያቋቋመው ኮሚቴ ሦስቱንም አገናዝቦ፣ ሰዎቹ ለወንበር የሚያንሱ፣ ለመታመን ግን የሚበዙ መሆናቸውን በሪፖርቱ ገለጸ።

ከከተማዋ በፊት የነበሩ መሆናቸውን የሚያሳይ ሰነድ አላቸው ወይ የሚልም ጥያቄ ተነሣ። መዝገብ ቤት እንድፈልግ እኔን አዘዙኝ፤ ፈለግሁ። በመዝገብ ቤቱ ካሉት ሁሉ የሚቀድመው ወረቀት የመሥራቾቹ ደብዳቤ ነው። መሥራቾቹ «ለጥቂት ቀን» ዳርቻው ላይ እንዲያርፉ የረግረጉን ሰዎች ፈቃድ ይጠይቃል። «ልዩ ልዩ» በሚል ፋይል ውስጥ ነበር። ኮሚቴው ደብዳቤውን መረመረና፣ አንድ ሰው መጠየቁን እንጂ የተጠየቀ ሰው መኖሩን አያረጋግጥም ሲል ወሰነ።

በመጨረሻ ነገሩን የፈታው ባለደወሉ አቶ ድንበሩ ነው። ባለደወል ማለት በእኛ አገር ሸንጎውን የሚመራ ሰው ነው፤ ሲደወል ሁሉም ዝም ይላል። «ጌቶቼ» አለ፣ «እነሱ አንድ፣ እኛ ሰባት። ምን አስፈራን?» በዚያው ሰዓት ወንበሩ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አናጢው ስምንተኛውን ወንበር ሠርቶ ከምሰሶው ጀርባ አስቀመጠው። አነሰ የሚል ሐሜት ስለተነሣ እንድለካ ተጠራሁ። በሁለት ጣት ያንሳል ብዬ በጽሑፍ አመለከትኩ። ሸንጎው ለእኩልነት ባለው ክብር ሰባቱ ወንበሮች ሁለት ሁለት ጣት እንዲቆረጡ አደረገ። እንደራሴዎቹ እስከ ዛሬ የሚቀመጡት ጉልበታቸው ወደ አገጫቸው ቀርቦ ነው።

አቶ ድንበሩ ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ አንድ ደንብ ጨመረ። የረግረጉ እንደራሴ በውሳኔው ቀን ሆን ብሎ ቀርቶ፣ በኋላ አልተሰማንም ይሉናል ብሎ ሰጋ። ስለዚህ፣ ስምንተኛው ወንበር ባዶ ሆኖ የሚወሰን ማንኛውም ውሳኔ እንደማይጸና ተደነገገ። ድንጋጌው በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ከወንበሩ በላይ ተሰቀለ። አቶ ድንበሩ ሲያነበው ፈገግ ይል ነበር።

የረግረጉ ሰዎች ናሌ የምትባል ሴት ላኩ። አርባ ዓመት አካባቢ ይሆናታል፤ የዓሣ ጭስ የጠጣ ነጠላ ለብሳ፣ ታንኳዋን እየቀዘፈች መጥታ በእኔ ግንድ ላይ አሰረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ የምታስረው እዚያው ነው፤ በዚህ ምክንያት ነው ነገሩን ከሌላው ሰው ይልቅ ቀርቤ ያየሁት።

«ማን መረጠሽ?» አልኳት።

«የሰማሁትን ስለማልረሳ ላኩኝ» አለች። ከዚያ ግንዱን አየችና፣ «ይሄ የእኛ ግንድ ነው፤ ታውቃለህ ጋሼ?» አለችኝ።

አውቅ ነበር። የከተማው መለኪያ ከዜሮ ይጀምራል፤ ውሃው በሚጎድልበት ዓመት ግን ከዜሮው በታች በመጥረቢያ የተቆረጡ አሮጌ ምልክቶች ይታያሉ። አሥራ ሰባቱን ቆጥሬአለሁ።

«የእናንተ ዜሮ የእኛ አሥራ ስምንተኛ ነው» አለችና ወደ ሸንጎው ሄደች።

የመጀመሪያው ቀን አጀንዳ የደወሉ ገመድ ቀይ ይሁን ወይስ አረንጓዴ የሚል ነበር። ናሌ ጥያቄውን በጥሞና ሰማች፤ ሁለት ጊዜ እንዲደገምላት ጠየቀች። ከዚያ ተነሣችና፣ «ጠይቄ እመጣለሁ» ብላ ወጣች።

«ወዴት?» አለ አቶ ድንበሩ።

«ወደላኩኝ።»

ሰባቱ እንደራሴዎች በአጫጭር ወንበሮቻቸው ላይ ቀሩ። ስምንተኛው ባዶ ነበር፤ ከበላዩ ድንጋጌው ተሰቅሏል። ጸሐፊው ድንጋጌውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ እንዲያነብ ግን ማንም አላዘዘውም።

በሦስተኛው ቀን ተመልሳ፣ «ስለ ገመዱ ቀለም አብዛኞቻችን ግድ የለንም» አለች። «ሁለት ሰዎች ቀይ ይሁን ብለዋል። አክስቴ እማ ዶሬ ደግሞ፣ ሰው ሲናገር የሚደወለው ለምንድን ነው ብላለች።» ገመዱ ቀይ ሆነ።

ይህ ልማዳቸው እንደሆነ ያወቅሁት በሁለቱ ንባቦቼ መካከል ከእሷ ጋር በታንኳ ሄጄ ካየሁ በኋላ ነው። ቤት ለቤት ትዞራለች። በየቤቱ ትቀመጣለች፤ ጥያቄውን ሳትጨምርና ሳትቀንስ ትናገራለች፤ ሰውየው የሚለውን ሁሉ ትሰማለች። ከዚያ የሰማችውን ለራሱ ለሰውየው መልሳ ትነግረዋለች። ልክ ካልሆነ «አይደለሁም» ይላታል፤ እንደገና ትጀምራለች። ልክ ሲሆን «እኔ ነኝ» ይላል። ይህን ሳይል ከቤቱ አትወጣም። ሰዓት ይዤ ለካሁ፤ በአማካይ ለአንድ ቤት የሃያ ስድስት ደቂቃ ሥራ ነበር። እማ ዶሬ ዕድሜዋ የገፋ ናት፤ እሷ ቤት ሁለት ሰዓት ፈጀ። አሮጊቷ ዘጠኝ ጊዜ «አይደለሁም» አለች፤ ናሌ ዘጠኝ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አንድም ጊዜ ፊቷ አልተለወጠም። ብዙ መሣሪያዎች አይቻለሁ። እንደዚያች ሴት ጆሮ የተስተካከለ መለኪያ አላየሁም።

ስንመለስ፣ «አይሰለችሽም?» አልኳት።

«አንተ ውሃውን በቀን ሁለት ጊዜ ትጠይቀው የለ? የነገረህን ለማን ትነግራለህ?»

«ለመዝገቡ።»

«መዝገቡስ?»

«ለመዝገብ ቤቱ።»

«መዝገብ ቤቱስ?»

ናሌ ታንኳዋ እስክትናወጥ ሳቀች፤ እኔም የጎኑን ነዶ ያዝኩ።

ወራት አለፉ። ሸንጎው በፊት በአንድ ከሰዓት በኋላ አሥራ አምስት ነገር ይወስን ነበር፤ አሁን በሳምንት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሆነ። አንድ ቀን አቶ ሻረው ትዕግሥቱ አለቀና ጭኑን መትቶ፣ «ሴትዮ፣ የሰው ቃል ተይና አንቺ ራስሽ የምትይውን ንገሪን!» አለ።

«እኔን ከፈለጋችሁኝ ቤቴ ኑ» አለች ናሌ። «እዚህ የመጣሁት እኔ አይደለሁም።»

ደንቡን ለመሻር ሞከሩ። ለመሻር ግን ስምንተኛው ወንበር መያዝ ነበረበት፤ ናሌም ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ካስደገመች በኋላ፣ «ጠይቄ እመጣለሁ» አለች። እሷ ስትመለስ እንደራሴዎቹ ራሳቸው በመሻሪያው ቃል ላይ ስላልተስማሙ ደንቡ ሳይሻር ቀረ።

ሸንጎው በእሷ ላይ የሚያደርገው ሲጠፋው ከተማው መንቃት ጀመረ። ሰዎች ሥራቸውን እየተዉ ዳርቻው ላይ ቆመው ታንኳዋ ስትሄድና ስትመጣ ያዩ ነበር። ወይዘሮ አንጓች አንድ ማለዳ አቶ ሻረውን ሸንጎው በር ላይ አስቁማ፣

«አንተ ሻረው፣ እሷ ስለ ገመድ ቀለም አርባ አንድ ቤት ዞራለች። አንተ ስለ እኔ ጨው ግብር ስትወስን መቼ ጠየቅከኝ?» አለችው።

«አንቺን መጠየቅ ምን ያስፈልጋል? አብረን አድገን የለም? የምታስቢውን አውቀዋለሁ።»

«እስቲ አሁን የማስበውን ንገረኝ።»

አቶ ሻረው ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ሳበ።

«ባትነግረኝ ይሻልሃል» አለች። ቆሞ ይሰማ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን ከዚያ በር ወጥቶ በሰባቱም ሰፈር ዞረ።

በዚህ መካከል የውሃ መግቢያው በር ጉዳይ ለውሳኔ ቀረበ። አቶ ድንበሩ የጥናቱን ሰነድ አነበበ። ሰነዱ የተመሠረተው በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፦ «በሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ መሠረት የሐይቁ ልክ ከዜሮ በታች ወርዶ አያውቅም፤ ስለዚህ ከተማዋ የረግረጉ ውሃ አያስፈልጋትም።» ናሌ ሁለት ጊዜ አስደገመችና ወጣች። ታንኳዋን ለመፍታት ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ ሞከረች። እዚህ ከጻፍኳቸው ነገሮች ሁሉ ላየው ያልፈለግሁት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ያ ዓረፍተ ነገር ከእኔ መዝገብ የተወሰደ ነበር፤ ሐሰት መሆኑንም አውቅ ነበር።

አሥራ አንድ ቀን ቆየች። እነዚህን ቀናት የታች ሰፈር ሰዎች በአቶ ሻረው ላይ ተጠቀሙባቸው። ሳትጠይቀን ብትወስን ከገበያችን አትገዛም አሉት። በስድስተኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ላብ በላብ ሆኖ ግንዱ ጋ መጣና ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ።

«አላምረው፣ በሩ ይዘጋ አይዘጋ? ቶሎ በል፤ ገና ሃምሳ ሦስት ቤት ይቀረኛል።»

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ውሃው የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ነገርኩት። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ዝናብ በቀረበት ዓመት ውሃው ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር፤ ለአርባ ሦስት ቀን አልተመለሰም። በመዝገቡ ቅጽ ላይ ከዜሮ በታች የሚጻፍበት ረድፍ ስለሌለ፣ በቀን ሁለት ጊዜ «ዜሮ» ብዬ ጻፍኩ። በእነዚያ ቀናት በበሩ ላይ ገለባ እየጣልኩ አየሁ፤ ገለባው ከሐይቁ ወደ ረግረጉ ሳይሆን ከረግረጉ ወደ ሐይቁ ይሄድ ነበር። የላይ ሰፈር ሰዎች ጀሪካን ይዘው ሲሰለፉ የእኛ ሰፈር ጉድጓዶች ያልነጠፉት ረግረጉ ያጠራቀመውን እየመለሰልን ስለነበረ ነው። ይህን አይቼ ለማንም አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝ ስለሌለ።

አቶ ሻረው ላቡን ጠረገ። «ገባኝ። አላምረው ውሃ ጥሩ ነው ይላል።»

«አይደለሁም» አልኩ።

«እሺ። አላምረው ረግረጉ ቢደርቅ ችግር ይመጣል ብሎ ይሰጋል።»

«አይደለሁም። አልሰጋሁም፤ አይቻለሁ።»

ጉልበቱን መታ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ገለባውን፣ አርባ ሦስቱን ቀን፣ ጉድጓዶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረ። ሲጨርስ፣ «ዜሮ ብለህ የጻፍከውን ግን ትቼዋለሁ» አለ፤ «ያሳፍርሃል፤ ከሥራም ሊያባርሩህ ይችላሉ።»

«እሱ ከሌለበት አይደለሁም።»

«አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ ግትር መሆንህን አላውቅም ነበር» አለና ተነሣ። «ሸንጎ ስናገረው መጥተህ ስማ።»

የውሳኔው ቀን ለተመልካች ከተዘጋጁት አግዳሚዎች አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ናሌ ገባች። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ድምፅዋ ግን እንደ ሁልጊዜው ነበር። የአርባ አንዱን ቤት ቃል በየተራ ተናገረች። ሠላሳ ዘጠኙ አይዘጋ ብለዋል። «ሁለት ቤቶች ይዘጋ ብለዋል» አለች። «ትንኙና እርጥበቱ መሯቸዋል፤ ልጆቻቸው ደረቅ መሬት ላይ እንዲያድጉ ይፈልጋሉ። እነሱም ልከውኛል።» በዚያች ሰዓት ልትተዋቸው ትችል ነበር። ማንም አያውቅባትም ነበር።

ከሌሎቹ እንደራሴዎች ሁለቱ «ሕዝባችንን እናውቀዋለን» ብለው ሳይጠይቁ ይዘጋ አሉ። ሦስቱ ጠይቀው አይዘጋ አሉ። የላይ ሰፈሩ እንደራሴ ጠይቆ ነበር፤ ሰፈሩ አደባባዩን ስለፈለገው ይዘጋ አለ። ናሌ ለእሱ ከወንበሯ ተነሥታ እጅ ነሣች። በሩን የሚዘጋባት ሰው ነበር፤ ቢሆንም ቃሉን ከሰዎቹ ይዞ መጥቷል።

አቶ ሻረው በመጨረሻ ተነሣ። የሰፈሩን ቃል ሲናገር ጭኑን አልመታም። ወደ እኔ ሲደርስ ገለባውን ተናገረ፤ ጉድጓዶቹን ተናገረ፤ «መዝጋቢው ዜሮ ብሎ የጻፈው ረድፍ ስለሌለው ነው፤ ጥናታችሁ የቆመበት ቁጥር ሐሰት ነው» አለ። አቶ ሻረው ወደ አግዳሚው ዞሮ አየኝና ጠበቀ።

ተመልካች በሸንጎ አይናገርም፤ ደንብ ነው። አቶ ድንበሩ ቀዩን ገመድ ያዘ። እኔ ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ደወሉ አልተደወለም። አቶ ድንበሩ ገመዱን እንደያዘ ቀረ፤ ከዚያ ወንበሮቹን ቆጠረ፤ ስምንቱም ተይዘዋል። አይዘጋ አምስት፣ ይዘጋ ሦስት። በገዛ ደንቡ መሠረት ውሳኔው ጸና።

ሕዝቡ ሲወጣ ፀሐይ ወደ ኮረብታው ጀርባ እየወረደች ነበር። ናሌ ግንዱ ጋ ታንኳዋን ፈታች፤ ቋጠሮው በአንድ ጊዜ ተፈታላት። መቅዘፊያዋን ከማንሣቷ በፊት፣ «ጋሼ፣ ዛሬስ ለማን ነገርከው?» አለችኝ፤ መልስ ሳትጠብቅ እየሳቀች ሄደች።

መዝገቡን አውጥቼ በማስመሪያ ከዜሮው ሥር አንድ ረድፍ ጨመርኩ። ከዚያ ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ ሁለት ከሩብ ሆኗል። የአሥራ አንድ ሰዓቱ ንባብ አልፎኛል። በግምት መሙላት እችል ነበር፤ ውሃው በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ አይለወጥም። ቁጥር ሊጻፍበት በሚገባው ቦታ፣ «ሸንጎ ነበርኩ» ብዬ ጻፍኩ።